«ማውንተኑ» የቱ ነው? ቻይንኛ ተናጋሪዎችና የእንግሊዝኛ የመልክዓ ምድር ቃላት

መንገድ ሥራ ላይ ከቻይናውያን ጋር የሚውሉ፣ እንግሊዝኛም የሚያስተምሯቸው ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ፤ እኔም ጥቂት ዓመታት ሳይት ላይ አስተርጓሚ ነበርኩ።

የትኞቹን ቃላት ላስቀድም?

ሰውየው በየቀኑ የሚያያቸውን። ሳይት የሚውል ከሆነ ሂል፣ ስሎፕ፣ ሪቨር፣ ሮክ፣ ሶይል፣ ዲች ይቀድማሉ። ለአይኤልትስ (ለእንግሊዝኛ ፈተናው) የሚዘጋጅ ተማሪ ከሆነ ደግሞ ፕላቶ፣ ቤዚን፣ ፔኒንሱላ፣ ዴልታ። ሠላሳ ቃል በደንብ የያዘ ሰው ብዙም አይቸገርም። ሁለት መቶ ቃል ሸምድዶ «ውኃው በየት በኩል ነው የሚወርደው?» ሲባል የሚደናገጥ ግን አይቻለሁ።

አገራቸው ተራራና ወንዝ ሞልቶታል። ታዲያ ቃሉ ለምን ይከብዳቸዋል?

ቻይንኛ ቃል የሚሠራው እንደ ብሎኬት እየደረደረ ነው። ሻን ተራራ ነው፤ ኹዎ እሳት። ኹዎሻን ሲሉ እሳተ ገሞራ ሆነ። ቢንግ በረዶ ነው፤ ቢንግሻን ባሕር ላይ የሚንሳፈፈው ግግር። ጋዎ ማለት ከፍ ያለ፣ ዩዌን ማለት ሜዳ፤ ጋዎዩዌን ከፍ ያለ ሜዳ፣ በእንግሊዝኛ ፕላቶ ነው። ፒንግዩዌን ደልዳላ ሜዳ፣ ትሳዎዩዌን የሣር ሜዳ። ፐን ደግሞ ሳፋ ነው። ፐንዲ ሲሉ በተራራ የተከበበ ዝቅ ያለ መሬት ማለታቸው ነው። ቃሉን ሰምቶት የማያውቅ ልጅ እንኳ ይገባዋል።

እንግሊዝኛ እንዲህ አያዝንላቸውም። ፕላቶን ከፈረንሳይኛ፣ ካንየንን ከስፓኒሽ፣ ስቴፕን ከሩሲያኛ፣ ፊዮርድን ከኖርዌይኛ እየተበደረ ነው ያጠራቀመው። ቮልኬኖ ውስጥ ማውንተን የሚል ድምፅ የለም። ስለዚህ ለቻይናዊ ተማሪ እያንዳንዱ ቃል ዘመድ የሌለው እንግዳ ነው። የሚቀናቸው ቤዚን ላይ ነው፤ እንግሊዝኛውም ሳፋ ማለት ስለሆነ ይስቃሉ፣ አይረሱትምም።

እኔ የማደርገው ይህን ነበር። መጀመሪያ ቃሉ በቻይንኛ ከምንና ከምን እንደተሠራ አስነግራቸዋለሁ። ሥዕሉ ከመጣ በኋላ እንግሊዝኛውን እለጥፍበታለሁ። ሻን፣ ዲ (መሬት) እና ዩዌን የሚሉትን ሦስቱን ካወቃችሁ እናንተም ይቀልላችኋል።

ቻይናው ጉብታውንም ተራራውንም ለምን «ማውንተን» ይላል?

አንድ የክረምት ጠዋት ፎርማኑ በሬዲዮ «ሰሌክቱን (ለመንገዱ የተመረጠውን አፈር) ከማውንተኑ ጀርባ ድፉት» አለ። የገልባጩ ሹፌር የአካባቢው ልጅ ነው። ማውንተን ብሎ የሚያውቀው አንድ ነው፤ ከካምፑ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ ጉም የለበሰውን። እዚያ ሄዶ ደፋው። ተመልሶ ሁለተኛውንም ደፋ። ፎርማኑ የፈለገው ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለችውን፣ ፍየሎች የሚወጡባትን ጉብታ ነበር። ሁለት ቢያጆ በከንቱ ሄደ። የሁለቱን ጭቅጭቅ የተረጎምኩት እኔ ነኝ፤ ሁለቱም ልክ ነበሩ።

ሻን የሚለው ቃል ሁሉንም ይይዛል። ፊደሉ ራሱ ሦስት ጫፍ ያለው የተራራ ሥዕል ነው። በመናፈሻ ውስጥ ያለች ጉብታም ሻን ናት፣ ጁሙላንግማም ሻን ነው (ኤቨረስትን የሚጠሩት እንዲህ ነው)። ኮረብታማ ምድርን የሚገልጽ ቺዩሊንግ የሚል ቃል አላቸው፤ ነገር ግን የጂኦግራፊ መጽሐፍ ቃል ነው። ሰው ቤቱ ሲያወራ አይለውም።

ሂል የሚያበቃበትና ማውንተን የሚጀምርበት ዓለም ሁሉ የተስማማበት ልክ የለም። ብሪታንያ ውስጥ ብዙ ጊዜ 2,000 ጫማ፣ ማለትም 610 ሜትር ገደማ ይጠቀሳል። ደግሞ ከየት ተነሥቶ እንደሚለካ ይለያያል። እንጦጦ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከሽሮ ሜዳ ሆኖ ቀና ለሚለው ግን ያን ያህል አይደለም። እኛ ጉብታ፣ ኮረብታ፣ ጋራ፣ ተራራ ብለን ስለምንለይ እዚህ ላይ ከእነሱ እንሻላለን። በእጃችሁ እያሳያችሁ ማውንድ፣ ሂል፣ ማውንተን ብላችሁ ሦስት ደረጃ አስይዟቸው። ሪጅን፣ ማለትም ረጅሙን የተራራ ጀርባ፣ በሌላ ቀን ጨምሩበት።

ላንድ፣ ግራውንድ፣ ሶይል፣ ኧርዝ፣ ፍሎር... እንዴት ልለይላቸው?

ቀላሉ መንገድ «ምን ልታደርግበት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። የሚሸጥ፣ የሚለካ፣ ካርታ የሚወጣለት ላንድ ነው። የሚረገጥ ግራውንድ። የሚዘራበት፣ ላቦራቶሪ የሚላክ ሶይል። ኧርዝ ፕላኔቷም ናት፣ ማሽን የሚዝቀው አፈርም ነው። ቤት ውስጥ ከሆነ ፍሎር። ቻይንኛ በአብዛኞቹ ውስጥ ዲ የሚል ብሎኬት ይሰነቅራል፤ ቱዲ ላንድ ነው፣ ዲምየን ግራውንድ፣ ዲቺዩ ዓለማችን፣ ዲባን የቤት ወለል። ስለዚህ «ስልኬ ላንድ ላይ ወደቀ» ቢሏችሁ አትሳቁ። እኛም ሁሉንም መሬት ነው የምንለው።

ሌላው ስህተት «ኤ ላንድ» እና «ቱ ላንድስ» ነው። ላንድ በዚህ ትርጉሙ አይቆጠርም፤ «ኤ ፒስ ኦፍ ላንድ» ይባላል። ይህን ቶሎ ይይዙታል፤ ቻይንኛም መሬትን የሚቆጥረው «ዪ ኳይ ዲ» ብሎ ነው። ኳይ ቁራሽ ማለት ነው፤ ልክ እኛ ቁራሽ መሬት እንደምንለው። ወንዝን ደግሞ «ትያው» በሚል መቁጠሪያ ይቆጥሩታል፣ እንደ ገመድ ረጅም ለሆነ ነገር።

ፊልድ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የእነሱ ትየን የሚታረስ ማሳ ነው፤ ፊደሉም አራት ቦታ የተከፈለ እርሻ ይመስላል። እኛ ደግሞ «አለቃችን ፊልድ ወጥቷል» እንላለን። አንድ አዲስ መጤ ኢንጂነር ይህን ሰምቶ አለቃው ሩዝ ሊያጭድ የሄደ መስሎት ነበር።

ጂያንግና ኸ ሁለቱም ሪቨር ናቸው?

አዎ፣ ሁለቱም ሪቨር ናቸው። በጥቅሉ በደቡብ ቻይና ያሉት ጂያንግ፣ በሰሜን ያሉት ኸ ይባላሉ። 6,300 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው ያንግትዜ በእነሱ አፍ ቻንግ ጂያንግ፣ ረጅሙ ወንዝ ነው። ቢጫው ወንዝ ኋንግ ኸ ይባላል፤ 5,464 ኪሎ ሜትር ነው። ተማሪው የሚሳሳተው ከሪቨር በታች ነው። ስትሪም የሚለውን ስለማያውቅ በእግር የሚሻገሩትን ጅረት ሁሉ ሪቨር ይለዋል። መሐንዲስ ሲሆን ይህ ቀላል አይደለም። ለአንዱ ቱቦ ይበቃዋል፣ ለሌላው ድልድይ ያስፈልገዋል።

ሐይቅና ባሕርም ይቀላቅላሉ፤ በዚህ ግን እኛም አንታማም። ሃይ ማለት ባሕር ነው፣ ሆኖም ዩናን ውስጥ ያለው አርሃይ ሐይቅ ነው። ቺንግሃይም የአንድ ትልቅ ሐይቅ ስም ነው፤ ትርጉሙ ሰማያዊ ባሕር። «እናንተስ ከተማችሁን ባሕር ዳር ያላችሁት ጣና ዳር ተቀምጣ አይደል?» ያለኝ ሰው ነበር። መልስ አልነበረኝም።

የክፍለ ሀገሮቻቸው ስምም ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ሻንዶንግ ከተራሮቹ ምሥራቅ፣ ሻንሺ ከተራሮቹ ምዕራብ ማለት ነው። ሄቤይ ከወንዙ ሰሜን፣ ሄናን ከወንዙ ደቡብ። ሁቤይና ሁናን ደግሞ ከሐይቁ ሰሜንና ደቡብ። «አገርህ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁና ስሙን በእንግሊዝኛ እንዲያብራራ አድርጉት። ማውንተን፣ ሪቨር፣ ሌክና አራቱ አቅጣጫዎች በአንድ ጊዜ ይወጣሉ።

ባንክ፣ ሾር፣ ኮስት፣ ቢች?

ለእነሱ አብዛኛው አን ነው፤ ለእኛም ሁሉም ዳር። ወንዝ ዳር ባንክ፣ ሐይቅ ዳር ሾር፣ በካርታ ላይ ረጅሙ የባሕር ጠረፍ ኮስት፣ ሰው የሚዝናናበት አሸዋ ቢች። ቢች ሲባል አናባቢው ይሳብ፤ ካጠረ ስድብ ይሆናል።

ዝዋይ ላይ ቆሞ «ሪፍት ቫሊው የታለ?» ይላል። ምን ልበለው?

ጥያቄው ትክክል ነው። ለቻይናዊ ሸለቆ ማለት ጉ ነው። ሁለት ተራራ፣ በመሀል ጠባብ መሬት፣ ከታች ውኃ። ዝዋይ ላይ ግን የሚታየው ሜዳና ሐይቅ ነው፣ ግድግዳዎቹ በጣም ይርቃሉ። በቻይንኛ ስምጥ ሸለቆው ዳ ልየጉ ይባላል፤ ታላቁ የተሰነጠቀ ሸለቆ። «ልየ» የሚለውን ስታስታውሱት፣ ማለትም ስንጥቁን፣ ወዲያው ይገባዋል። ውኃ የቆፈረው ሳይሆን ምድር ተለያይታ የሰመጠችበት ነው።

ጎርጅን፣ ማለትም ጥልቁንና ጠባቡን ሸለቆ፣ ማስረዳት ከፈለጋችሁ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ስትሻገሩ አሳዩት። የአባይ በረሃ ቁልቁለት ራሱ ይናገራል። እነሱም ያንግትዜ ላይ ሦስቱ ሸለቆዎች፣ ሳንሺያ፣ አሏቸው። በእንግሊዝኛ ስሪ ጎርጅስ የሚባለው ነው፤ ታላቁ ግድብ የተሠራበት። ሺያጉ የሚለው ቃላቸው ጎርጅንም ካንየንንም ስለሚሸፍን በሁለቱ መካከል አታስጨንቋቸው።

ዲፕሬሽን፣ ማለትም ከአካባቢው ዝቅ ያለ መሬት፣ ሌላ ጣጣ ነው። ዳናኪል ዲፕሬሽን የሚለውን የስልክ መተርጎሚያ የአእምሮ ጭንቀት አድርጎ ሊያመጣው ይችላል። ቱርፓንን ጥሩላቸው። ሺንጂያንግ ውስጥ ያለ፣ ከባሕር ወለል ከ150 ሜትር በላይ ዝቅ የሚል፣ በሙቀቱ የታወቀ ቦታ ነው። «ዳናኪል እንደ ቱርፓን ነው፣ ጨው ጨምርበት» ካላችሁ አለቀ።

«የተራራው ወገብ» የሚል እንግሊዝኛ አለ?

የለም፤ ማውንተን ዌይስት ብለው ግን ይጽፋሉ። ሻንጂያዎ የተራራ እግር ነው። ይህ ከእንግሊዝኛው ፉት ጋር ይገጥማል፣ እኛ ግርጌ እንለዋለን። ሻንያዎ ወገቡ ነው፤ እንግሊዝኛ ወገብ ስለሌለው «ሃፍዌይ አፕ» ይባላል። የተራራ ሰንሰለትን ሻንማይ ይሉታል፤ የተራራ ደም ሥር። እኔ ከሦስቱ ቋንቋዎች ይኼን እመርጣለሁ፤ እንግሊዝኛው ግን ሬንጅ ብቻ ነው።

ሕዝብ የሞላበት ቦታ አይተው «ፒፕል ማውንተን ፒፕል ሲ» ካሏችሁም አትደናገጡ። ረንሻን ረንሃይ የሚለውን አባባላቸውን ቃል በቃል መልሰውት ነው። ሰው እንደ ተራራ፣ ሰው እንደ ባሕር። ለጥምቀት ጃን ሜዳ ከወሰዳችኋቸው መስማታችሁ አይቀርም።

ቫሊን «ዋሊ»፣ ላንድን «ላን» ይሉታል። ይስተካከላል?

ይስተካከላል፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል። በማንዳሪን፣ ማለትም በዋናው ቻይንኛ፣ ቨ የለም፤ ስለዚህ ቫሊ ዋሊ፣ ሪቨር ሪወር ይሆናል። እኛም ቲቪን ቲቢ የምንል ሰዎች ስለሆንን እንታገሥ። ቃል በማንዳሪን የሚያልቀው በአናባቢ፣ በ«ን» ወይም በ«ንግ» ነው፣ ከዚህም ሌላ በ«ር» ድምፅ። ላንድ፣ ፊልድ፣ ክሊፍ መጨረሻቸው ስለሚከብድ ወይ ይቆረጣል ወይ አናባቢ ይቀጠልለታል። ክሊፍ ክሊፉ ይሆናል።

ከሲቹዋን፣ ከሁቤይ ወይም ከሁናን የመጡ ብዙዎች ደግሞ ለ እና ነ ይቀላቀሉባቸዋል። ላንድ ናንድ ሆኖ ይወጣል። ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለም፤ በአካባቢያቸው ንግግር ሁለቱ ድምፆች አይለዩም።

ለምን «ኢስት ሳውዝ» ይላሉ?

በቻይንኛ ምሥራቅና ምዕራብ ይቀድማሉ። ዶንግናን ሲሉ ምሥራቅ ደቡብ፣ ሺቤይ ሲሉ ምዕራብ ሰሜን ማለት ነው። አማርኛም እንግሊዝኛም ደቡብ ምሥራቅ፣ ሳውዝኢስት ብለው በተቃራኒው ይሄዳሉ። ኮምፓስን ራሱ ጂናንጀን ይሉታል፣ ደቡብን የሚያሳይ መርፌ። ሬዲዮ ላይ ስትሆኑ ግን ቅደም ተከተሉን አታርሙ፤ «ወደ ወንዙ ነው ወደ ካምፑ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰዋስዉ ለማታ ይቆይ።

«ዘ» የሚገባው የት ነው?

ቻይንኛ እንዲህ ያለ ነገር ፈጽሞ ስለሌለው ይህ ለዓመታት ይከተላቸዋል። ወንዝ፣ የተራራ ሰንሰለትና በረሃ ዘ ይወስዳሉ፤ ዘ ያንግትዜ፣ ዘ ሂማላያስ፣ ዘ ጎቢ። ሐይቅና ነጠላ ተራራ አይወስዱም፤ ሌክ ጣና፣ ማውንት ታይ። ለምን ብለው ከጠየቁ የሚያረካ ምክንያት አታገኙም። ይልመዱት።

ሌላው ድግግሞሽ ነው። ታይ ሻን ማውንተን ካሉ ታይ ተራራ ተራራ ማለት ነው። ሻን ካለ ማውንተን አያስፈልግም፣ ጂያንግ ካለ ሪቨር አያስፈልግም።

ደጋ፣ ቆላና አምባን በእንግሊዝኛ እንዴት ላስረዳቸው?

ሃይላንድና ሎውላንድ ለደጋና ለቆላ ይቀርባሉ፤ ወይና ደጋ ግን በቀጥታ የሚሆን ቃል የለውም። በሜትር ንገሯቸው፣ ቁጥር ይወዳሉ። በግምት እስከ 1,500 ሜትር ቆላ፣ ከዚያ እስከ 2,300 ገደማ ወይና ደጋ፣ ከዚያ በላይ ደጋ። ከዚያ ምን እንደሚበቅል ጨምሩ። ጤፍና ገብስ አሳይቶ ማስረዳት ከትርጉም ይበልጣል።

አምባ ቀላል ነው፤ ፒንግዲንግሻን በሏቸው። አናቱ ደልዳላ ተራራ ማለት ነው፣ ሄናን ውስጥም በዚሁ ስም የምትጠራ ከተማ አለች። በእንግሊዝኛ ፍላት-ቶፕድ ማውንተን ይበቃል። ሜሳ የሚባልም አለ፣ ከስፓኒሽ የመጣ፣ ጠረጴዛ ማለት ነው። የደብረ ዳሞን ፎቶ ያየ ቻይናዊ ግን የሚጠይቀው ቃሉን አይደለም፤ ሰው በገመድ እንዴት እንደሚወጣ ነው።

ሙ ስንት ነው? ኤከር ነው ወይ?

አይደለም፤ እዚህ ላይ ነው ገንዘብ የሚጠፋው። ሙ የቻይና የመሬት ልክ ነው። 15 ሙ አንድ ሄክታር ይሆናል፤ አንድ ሙ 667 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ኤከርን ዪንግሙ ይሉታል፣ የእንግሊዝ ሙ። ስሙ ስለሚመሳሰል ሙን ኤከር ብሎ የሚተረጉም ሞልቷል። አንድ ኤከር ግን ከስድስት ሙ ትንሽ ይበልጣል። 300 ሙ ማለት 20 ሄክታር ነው፤ 300 ኤከር ብላችሁ ከጻፋችሁት 121 ሄክታር ይሆናል።

ከዚህ የባሰው ዋን ነው። ቻይንኛ ትልቅ ቁጥር የሚቆጥረው በአሥር ሺህ ነው፤ ዋን ማለት የእኛ እልፍ ነው። ሠላሳ ዋን ካሬ ሜትር 300,000 ነው፣ ማለትም 30 ሄክታር። በእንግሊዝኛ ሲቸኩሉ ግን «ሠርቲ ታውዘንድ» ይላሉ፣ መሬቱም 3 ሄክታር ሆኖ ይቀራል። ርቀት ላይም ሊ የሚባል አለ፤ ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው። ኪሎ ሜትሩ ጎንግሊ ነው። ሽማግሌ ፎርማን «ቴን ሊ» ካለ አምስት ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው።

መሬት ሲለካ በቃል የተነገረ ቁጥር አልተረጉምም ነበር። ደብተሬን እሰጠዋለሁ፣ ዜሮዎቹን ራሱ ይጽፋቸዋል፣ ከጎኑ ሄክታሩን እኔ እጽፋለሁ። ከዚያ ሁለታችንም እንቆጥራለን።